ጣሪያ ላይ የተወረወረችው ናሙና

ዶክተር ጫልቱ፣ የፓቶሎጂ ሐኪም። ቶለራ፣ የአኖ ከተማ የበቆሎ ነጋዴ። አዴ ጌጤ፣ የቶለራ እናት። አራተኛው እኔ ነኝ፤ ከሕመምተኛ የወጣ ሥጋ በስሱ ቆርጬ፣ ቀለም ነክሬ ለማይክሮስኮፕ የማዘጋጅ የላቦራቶሪ ሠራተኛ።

ሙያውን ትምህርት ቤት ገብቼ አልተማርኩትም። ሲሠሩ አየሁ፣ መጽሐፍ አነበብኩ። ነቀምቴ በሚገኝ አንድ ክሊኒክ ሥራ በጀመርኩበት ቀን ዶክተር ጫልቱ እንዲህ አሉኝ፦ «ፎርማሊን ውስጥ ያልቆየ ናሙና ይበሰብሳል። የበሰበሰ ደግሞ ምስክር አይሆንም።»

ቶለራ መንጋጋውን ሲያመው ከርሞ መጣ። ራጅ ሲነሳ ከአንድ ጥርሱ ሥር አጥንቱ ተበልቷል። ጥርሱ ሲነቀል ከሥሩ ጫፍ አተር የምታክል ቀይ ሥጋ ተንጠልጥላ ወጣች። የጥርስ ሐኪሙ ጥርሱን ከነሥጋዋ ፎርማሊን ባለበት ብልቃጥ ከትቶ «ግቢውን ተሻገርና ላቦራቶሪ ስጥ» አለው።

ቶለራ ካንሰር ነው ብሎ ደምድሟል። ለእናቱ ግን «ጥርስ ላስነቅል ነው» ብቻ ነው ያላቸው። እኔ ውሸት አልወድም፤ ግማሽ እውነትም ጎረቤቱ ነው። ግቢው መሀል ራሱን አዞረው፤ ብልቃጡን ላቦራቶሪ እንዲያደርሱለት አብረውት ለመጡት እናቱ አስይዞ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

ትንሽ ቆይተው አዴ ጌጤ ገቡ። ብልቃጡ ታጥቧል። ቆሎ ተሞልቶበታል።

«አካም ኦልቴ፣ እንዴት ዋልክ ልጄ። ዕቃችሁን መለስኩ።»

«ጥርሱስ?»

«እዚሁ ጣሪያችሁ ላይ ወረወርኩት። ቁራ መጥፎውን ወስዶ ደህናውን ይስጠው።»

«አዴ ጌጤ፣ ልጅዎ እኮ ሸብቷል! ከእንግዲህ ጥርስ ያበቅላል?»

«ለእኔ ገና ልጅ ነው።»

«ቆሎውስ ምንድን ነው?»

«ዕቃ ባዶውን ይመለሳል እንዴ? አንተስ የት ነው ያደግከው?»

ፎርማሊን መርዝ ነው። ቆሎውን ነጥቄ ደፋሁት። በዚህ መሀል ቶለራ በሩ ላይ ቆሞ ሁሉን ሰምቷል።

«እማዬ፣ ካንሰር ይሁን አይሁን የሚታወቀው በእሱ ነበር!»

«ካንሰር? ጥርስ ነው ያልከኝ!»

«እንዳትደነግጪ ብዬ ነው።»

«አሁን ታዲያ ምን ሆንኩ?» ካሉት በኋላ ወደ እኔ ዞሩ። «መሰላል አምጣ!»

ዶክተር ጫልቱ ምሳቸውን ትተው ነጭ ጋውናቸውን እንደለበሱ መሰላሉን ያዙ፣ እኔ ወጣሁ። እውነትም አንድ ቁራ ጣሪያው ጫፍ ላይ ቆሞ ያየኛል። አዴ ጌጤ አሁን የጠሩትን ቁራ በድንጋይ ያባርራሉ፤ ድንጋዩ የሚያርፈው ግን እኔ ላይ ነው። ጥርሱ አሸንዳው ውስጥ፣ የዝናብ ውሃ ባቆረበት ቦታ ወድቋል። ሥጋዋ አልደረቀችም። ስወርድ ቆርቆሮው ሱሪዬን ከኋላ ተረተረው።

«አንተም ገና ልጅ ነህ» አሉ አዴ ጌጤ ከታች።

ሥጋዋን ከሥሩ ለይቼ አዲስ ፎርማሊን ውስጥ አሳደርኳት። ከዚያ ሰም አጠጣኋት፣ በማይክሮቶም፣ በስስ መቁረጫው መሣሪያ፣ ቆረጥኳት፣ ቀለም ነከርኳት። ዶክተር ጫልቱ አዩና እናትና ልጅን አስጠሩ።

«ካንሰር አይደለም» አሉ። «በበሰበሰው ጥርስ በኩል ጀርም ገባ። የሰውነት ጠባቂ ሴሎች ሊገቱት ተሰበሰቡ። ስንቅ እንዲደርሳቸው አዳዲስ የደም ሥሮች በቀሉላቸው። ሥጋዋ የቀላችው ለዚህ ነው።»

«አጥንቱን ማን በላው?» አለ ቶለራ።

«የጠባቂዎቹ ግርግር ነው ያስበላው።»

አዴ ጌጤ ሳቁ። «ገባኝ! በቆሎውን ከጦጣ እንዲጠብቁ ቀጥረናቸው ራሳቸው ጠብሰው የሚጨርሱት ዓይነት ናቸዋ!»

«ልክ ነው። ጥርሱ ስለወጣ ግን ጀርሙ መጠጊያ የለውም፤ ጠባቂዎቹ ይበተናሉ፣ አጥንቱም ቀስ በቀስ ይሞላል።»

ቶለራ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። እናቱ ጀርባውን መታ መታ አደረጉትና «ሁለተኛ ብትደብቀኝ ጣሪያ ላይ የምወረውረው አንተን ነው» አሉት።

ናሙና ለሚሸከም ሰው ምን እንደተሸከመ ንገሩት፤ እናትም ብትሆን። ያን ቀን ባለመነገሩ የከፈልነው ይህ ነው፦ ቶለራ አንድ ሌሊት እንቅልፍ፣ ዶክተር ጫልቱ ምሳቸውን፣ እኔ አንድ ሱሪ፣ አዴ ጌጤ አንድ ብልቃጥ ቆሎ። አዴ ጌጤ ስለ ቆሎው እስካሁን ይቅር አላሉኝም።