ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ የሚፈስ ደም

ወደ ፊልም ሥራ የገባሁት ሙሽራ ከማስዋብ ተነሥቼ ነው። ሜክሲኮ አካባቢ አንድ የውበት ሳሎን ውስጥ እሠራ ነበር። አንዲት ደንበኛዬ ወንድሟ ፊልም እየሠራ መሆኑንና ሜካፕ የሚሠራለት ሰው እንዳጣ ነገረችኝ። ሜካፕ ያው ሜካፕ ነው ብዬ ሳጥኔን አንጠልጥዬ ጌጃ ሰፈር፣ ቀረጻው ወዳለበት ግቢ ሄድኩ።

የመጀመሪያው ቀን ሥራዬ በቢላዋ የተገደለች ልጅ ማዘጋጀት ነበር። ልጅቷን አስቀምጬ ፋውንዴሽን ቀባኋት፤ ቅንድቧን አስተካከልኩ፤ ጉንጯ ላይ ትንሽ ሮዝ ጣል አደረግኩ። በመጨረሻ አንገቷ ላይ በሊፒስቲክ ቀይ መስመር አሰመርኩ። ዳይሬክተሩ መጥቶ ዙሪያዋን እየዞረ አያት።

«እህቴ፣ ይቺ ልጅ እኮ ሞታለች» አለኝ።

«አውቃለሁ» አልኩት።

«እሷ ግን አላወቀችም» አለና ሄደ።

እንዳያባርረኝ ፈርቼ ነበር፤ አላባረረኝም። ሌላ ሰው ስላልነበረው ይሁን ስላዘነልኝ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ በሁለቱም አመሰግነዋለሁ።

የተቆረጠ ሥጋ ምን እንደሚመስል ለማወቅ በማግስቱ ሰንጋ ተራ ወደሚገኝ ሥጋ ቤት ሄድኩ። እዚያ የሚቆርጡት ጋሽ ደበላ የጌጃ ሰፈር ጎረቤቴ ናቸው። ቁመታቸው ረጅም፣ ቃላቸው ቁጥብ። ቢላዋ የቆረጠው ጠርዙ ልስልስ፣ የተቦጨቀው ደግሞ ዝርክርክ እንደሚሆን፣ ደም መጀመሪያ ደማቅ ሆኖ ወዲያው እንደሚጠቁር አሳዩኝ። ቤቴ ገብቼ በሶፍትና ሰው ሠራሽ ሽፋሽፍት በምለጥፍበት ሙጫ ክንዴ ላይ ቁስል ሠራሁ። እናቴ አይታ ጮኸች። ያኔ ሥራው እንደገባኝ አወቅሁ።

ዳይሬክተሩ ቁስሉን ሲያይ ማን እንዳስተማረኝ ጠየቀና አብረን ሥጋ ቤቱ ሄድን። ጋሽ ደበላ ቢላቸውን እየሞረዱ ነበር። ዳይሬክተሩ ቆሞ አያቸውና ገዳይ አገኘሁ አለ። እሳቸው መጀመሪያ ሳቁ፤ ኋላ ግን እሺ አሉ። «በሩን ዝጉ» የሚባለው ተከታታይ አስፈሪ ፊልም ገዳዩን ያገኘው እንዲህ ነው። ዳይሬክተሩ አሮጌ ካፖርት አለበሳቸው፤ አንድ ቃል እንዳይናገሩ አደረገ። እኔ ከዓይናቸው ሥር እስከ አገጫቸው ጠባሳ ሠራሁላቸው። ሌላው ፊት የራሳቸው ነው።

የገዳዩ ቀረጻ ሁዳዴ ላይ ዋለ። ያን ጊዜ ደም የምሠራው ከስኳር ሽሮፕና ከቀይ የምግብ ቀለም ነበር፤ እንዳይሳሳብኝ የዱቄት ወተት እጨምርበታለሁ። በመጀመሪያው የግድያ ትዕይንት ደሙ ገዳዩ ፊት ላይ ተረጭቶ ወደ ከንፈሩ ይወርዳል። ጋሽ ደበላ ጎድጓዳ ሳህኑን አንሥተው አሸተቱ።

«ሙልዬ፣ ይሄ ምን ምን አለው?»

ወተት አለው አልኳቸው። ሳህኑን መልሰው አስቀመጡት።

«ግደል ስትሉኝ እገድላለሁ። ፆሜን ግን አልገድፍም።»

ዳይሬክተሩ ለመናቸው፤ ከንፈርዎን ይግጠሙ አላቸው። አልሆነም። እኔ ቤቴ ሮጬ ተልባ ሳልቆላ ቀቀልኩና ውሃውን አጠለልኩት። ያ የሚያዳልጠው ፈሳሽ ላይ የቀይ ሥር ጭማቂ፣ ስኳርና ትንሽ የበቆሎ ዱቄት ጨመርኩ። ከወተቱ በጣም የተሻለ ደም ወጣው! ቢላው ላይ ተንጠልጥሎ ቀስ ብሎ ይንጠባጠባል። ጋሽ ደበላ ይቀምሱታል ብዬ ስጠብቅ የእጅ ሰዓታቸውን አዩ።

«ፆምነቱ ደህና ነው» አሉ። «ሰዓቱስ?»

እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም በአፋቸው አይዞርም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፕሮግራማችን ጠዋት ሩጫና ጩኸት፣ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ግድያ ሆነ። የብርሃን ባለሙያው ፀሐይ ልታመልጠን ነው እያለ ሲነጫነጭ ይውል ነበር።

ፊልሙ በሲዲ ወጥቶ ከተማውን አዳረሰ። ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፣ አራተኛው ተከተለ። ሥጋ ቤቱ ገበያው ደራ፤ ጎረምሳው ሁሉ በገዳዩ እጅ ሥጋ ለማስቆረጥ ይሰለፋል። ዳይሬክተራችን አንድ ነገር አስጠነቀቀን፦ ደሙ ከምን እንደሚሠራ፣ ከካሜራው ኋላ ምን እንደምንሆን ለማንም እንዳንናገር። ተመልካች ካወቀ አይፈራም አለን። እውነቱን ነው፤ እኛም አፋችንን ዘጋን።

ሰፈራችን ውስጥ ግን ሌላ ነገር ሆነ። ለፋሲካ ጎረቤቱ ገንዘብ አዋጥቶ በሬ ይገዛል፤ ቅርጫው የሚታረደው እማማ ዘነበች ግቢ ነው። በሬውን ባርከው የሚያርዱት ሁልጊዜ ጋሽ ደበላ ነበሩ፤ አባታቸውም እዚያው ግቢ ያርዱ ነበር። ከሁለተኛው ፊልም በኋላ የመጣው ፋሲካ ላይ ሌላ ሰው ተጠራ። እንዳይደክሙ ብለን ነው ተባሉ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

እኔ እማማ ዘነበችን ሄጄ ጠየቅኳቸው። አልዋሹኝም።

«ልጄ፣ ሰው አለመግደሉን አጥቼው መሰለሽ? እጁን ሳየው ግን ሥጋው በጉሮሮዬ አይወርድም።»

ጋሽ ደበላ ስለዚህ ነገር ያወሩኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ለፋሲካ ቢላቸውን ሞርደው በጨርቅ ሲጠቀልሉ ደረስኩባቸው። ለማን ነው አልኳቸው።

«ለማንም» አሉኝ። «መደቤን ሳያጎድሉ ይልኩልኛል። ቢላዬን ነው ያልፈለጉት።»

ጠባሳውን ፊታቸው ላይ የሳልኩት እኔ ነኝ። በአልኮል ሳጸዳው ይለቅ ነበር፤ ከሰው ዓይን ላይ ግን የማጸዳበት ነገር አጣሁ።

አምና ሜሮን የምትባል ወጣት ፊልም ሠሪ ቤቴ መጣች። ስለ «በሩን ዝጉ» ዘጋቢ ፊልም ልትሠራ ነው። የረዳት ካሜራማናችንን አሮጌ ቴፖች አግኝታለች። ደሙን እንዴት ነበር የምትሠሩት አለችኝ። ዳይሬክተሩ ጋ ደወልኩ፤ አሁን ሸምግሏል። «ንገሪያት፤ ያልፈራ ሰው ከእንግዲህ አይፈራም» አለኝ። ተልባውን ቀቅዬ ካሜራው ፊት አሳየሁ። የሁዳዴውንም ነገርኳት።

ዘጋቢው ዘንድሮ ሁዳዴ ውስጥ ሜክሲኮ አካባቢ ባለ አዳራሽ ታየ። የቅርጫውን ጎረቤት በሙሉ ጠራሁ። እማማ ዘነበች በልጅ ልጃቸው ተደግፈው መጡና ቢላዋ በታየ ቁጥር በነጠላቸው ዓይናቸውን እየሸፈኑ አዩ። ጋሽ ደበላ አልመጣም ብለውኝ ነበር፤ መብራት ከጠፋ በኋላ ባርኔጣቸውን ደፍተው ኋላ ተቀመጡ።

አሮጌው ቴፕ መጣ። ጋሽ ደበላ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ከነጠባሳቸው የለስላሳ ሳጥን ላይ ቁጭ ብለዋል። ዳይሬክተሩ እንጀምር ይላቸዋል፤ እሳቸው ሰዓታቸውን ያሳዩታል፦ ገና ነው። ሠራተኛው ሁሉ ተቀምጦ ይጠብቃል። ቀጥሎ ግድያው። ከዚያ ገዳዩ አፉን ተጉመጥምጦ፣ በወረቀት የጠቀለለውን አምባሻ አውጥቶ፣ ግማሹን አሁን ለገደላት ልጅ ይሰጣል። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

መብራት ሲበራ ማይክ ተዞረ። አንድ ጎልማሳ በዚህ ሰውዬ ምክንያት ልጅ ሆኖ ሽንት ቤት ብቻውን ይሄድ እንዳልነበር ተናገረ። «ዛሬ ተልባ ነው ትሉኛላችሁ። ልጅነቴን መልሱልኝ» አለ። አንዲት ተማሪ ሁልጊዜ የሚሞቱት ለምን ሴቶች እንደሆኑ ዘጋቢው አለመጠየቁን ወቀሰች፤ ልክ ናት፤ ሜሮንም ተቀበለች። ሌላ ሰው ደግሞ ዘጋቢው ውስጥ ዳይሬክተሩ ብዙ አወራ አለ። አራተኛው ክፍል ባይሠራ ይሻል ነበር ሲባል ግን አዳራሹ በሙሉ አጨበጨበ፤ እኔም አጨበጨብኩ።

እማማ ዘነበች እጃቸውን አነሡ። የልጅ ልጃቸው ማይኩን ያዘችላቸው።

«እኔ ፊልም አላውቅም» አሉ። «አንድ ነገር ንገሩኝ። ሰዓቱን መጠበቁ የእውነት ነው ወይስ እሱም ለፊልም ነው?»

ሰው ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። እኔ ልመልስ ስነሣ ከኋላ ድምፅ መጣ። ጋሽ ደበላ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆመዋል።

«የእውነት ነው እማማ። ቅዳሴ ሳይወጣ ቀምሼ አላውቅም።»

እማማ ዘነበች ዞረው አዩአቸው።

«እንግዲያው የፋሲካውን በሬ አንተ ትባርክልናለህ» አሉና ተቀመጡ።

ሳቁ ቆመ። ከአዳራሹ ሰው አብዛኛው ምን እንደተባለ አልገባውም። እኛ የጌጃ ሰፈር ሰዎች ገባን። አለቀስኩ፤ አላፍርበትም።

የፋሲካ ዕለት ንጋት ላይ እማማ ዘነበች ግቢ ነበርን። ጋሽ ደበላ ቢላቸውን ከጨርቁ ፈቱ፤ በስመ አብ ብለው አማተቡና ባረኩ። እማማ ዘነበች ከደጃቸው ቆመው ዓይናቸውን ሳይሸፍኑ አዩ። እኔ ከልማዴ ደሙን አየሁት። ቶሎ ይጠቁራል፤ ለካሜራ የእኔ ይሻላል።

ሜካፕ ለምትማሩ የምለው ይኼው ነው። በደንብ ከሠራችሁት ሰው ያምናችኋል። ጠባሳ የሳላችሁበትን ሰው ሥራው ሲያልቅ ፊቱን ጥረጉለት፤ እንዴት እንደተሠራም ለጎረቤቱ ንገሩለት።