ከእስር ቤት ገበያ የወጣችው ዘንቢል

ሱዳን፣ ገዳሪፍ ላይ የታሰርኩት በአንድ ቀልድ ነው። በስደተኞች መጠለያው ስብሰባ ላይ አንድ ሹም ተነስቶ፣ «ወደ ድንበሩ ጠጋ ብላችሁ ትሰፍራላችሁ። ቦታው ሰፊ ነው፤ አየሩም ተስማሚ ነው» አለን። እኔም እጄን አወጣሁና፣ «ይህን ያህል ከተስማማ፣ ጌታዬ፣ እርስዎ ቀድመው ሰፍረው ያሙቁልን» አልኩት። ሰው ሳቀ። ሳቁ ቢያንስ መተማ ድረስ ተሰምቷል። በማግስቱ ጠዋት «ሕዝብ ታነሳሳለች» ተባልኩና በፒክአፕ ተጭኜ ሄድኩ። ሹሙ ድንበሩ ጋ አልሰፈረም።

ክፍሏን መጀመሪያ ሳያት ዕቃ ቤት መሰለችኝ። ከጥበቷ የተነሳ አንዷ ስታዛጋ ሌላዋ አፏን መግጠም ነበረባት። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ቀትር ላይ እንቁላል ቢኖረን ኖሮ ምጣድ ሳንፈልግ አየሩ ላይ ጠብሰን እንበላ ነበር። ወለሉ ሲሚንቶ፣ ግድግዳው ደግሞ የሰው ጀርባ ያለሰለሰው። ከፍ ያለች አንዲት መስኮት ነበረች፤ በእሷ በኩል የግቢው ኒም ዛፍ ቅርንጫፍ ይታያል፣ የአህያ ጋሪ ሲንኳኳ ይሰማል።

«ቦታ አለ ወይስ ልመለስ?» አልኩ በሩ ላይ ቆሜ።

ጥግ ላይ የተቀመጡ ቀጭን ጠይም እናት ነጠላቸውን ሰብሰብ አደረጉና፣ «ግቢ፣ ልጄ። ቦታ እንኳ የለም፤ ተጠጋግተን እንሠራዋለን» አሉኝ።

አደይ ነበር የምንላቸው፤ በትግርኛ እናቴ ማለት ነው። ልጃቸው ጦርነቱን ሽሽት ቀድማቸው ወደ ሱዳን ተሻግራ ገዳሪፍ ገበያ ባሚያ ትሸጣለች። እሳቸው ቆይተው በወድ ኤል ሒለው በኩል ወንዙን ተሻገሩና እሷን ፍለጋ ሲመጡ ኬላ ላይ ተያዙ። «መልእክት ታመላልሻለሽ» ተባሉ። ይዘውት የነበረው መልእክት አንድ ፌስታል በርበሬ ነው።

ስለ መታሰራቸው አንድም ቀን ሲያማርሩ አልሰማኋቸውም። የሚያብሰለስላቸው ሌላ ነበር።

«ልጄ ከቤት መውጣቴን ሰምታለች፤ መድረሴን ግን አልሰማችም» አሉኝ አንድ ቀን። «እሷ ዝም ብላ የምትቀመጥ ልጅ አይደለችም። ልትፈልገኝ ተመልሳ ወንዙን ትሻገራለች። በዚህ ሰዓት ማዶ የሄደ ወጣት ደግሞ ሲመለስ አላየሁም።»

ጠያቂ አይፈቀድልንም። ስልክ የለም። ከውጭው ዓለም ጋር የምታገናኘን ዘበኛችን ብቻ ናት። ሲት እንላታለን፤ እዚያ አገር ወይዘሮ እንደ ማለት ነው። ሙሉ ሰውነት ያላት፣ ግንባሯን ቋጥራ የተወለደች የምትመስል ሴት ነበረች፤ ከገበያ ሐበሾች የለቃቀመችው አማርኛ ግን እኛን ለመሳደብ ከበቂ በላይ ነው። አደይ ለልጃቸው አንዲት ቃል እንድታደርስላቸው ለምነዋት ነበር።

«ስም አታንሱብኝ» አለች። «ስም ያደረስኩ ቀን እኔም እዚሁ ከእናንተ ጋር እተኛለሁ። ቦታ ደግሞ የላችሁም፣ ወላሂ።»

እውነቷን ነው፤ በተለይ እሷን የሚያስተኛ ቦታ አልነበረንም።

ሲት ሐሙስ ሐሙስ ገበያ ትሄዳለች። አንድ ሐሙስ ከገበያ ስትመለስ እየተራገመች ነበር። ፌስታሏ መሃል መንገድ ላይ ተቀዶ፣ ሽንኩርቱ ተንከባሎ አህያ ሆድ ሥር ገብቶባት፣ ስትለቅም ቀሚሷ ተረግጦባት፣ ብቻ በዓለም ላይ ያልደረሰባት ነገር አልነበረም።

«ሲት፣» አልኳት በበሩ ቀዳዳ፣ «ክር ብቻ አምጪልን። ዕድሜ ልክሽን የማይቀደድ፣ ታጥፎ ኪስሽ የሚገባ ዘንቢል እንሠራልሻለን።»

«እናንተ?»

«እኔ እኮ መፋዛ ከተማ ሳለሁ ለግመል ሹራብ ሠርቻለሁ!»

ውሸቴን ነው። ፍየል ነበረች።

በማግስቱ ነጭ የጥጥ ክር ይዛ መጣች። ብረት ነክ ነገር ወደ ክፍሉ ስለማይገባ መሣሪያውን ራሳችን ሠራን። ከኒሙ የወደቁ ሁለት ቀጥ ያሉ ጭራሮዎችን ሲሚንቶ ላይ ፈግፍጌ የሹራብ እንጨት አደረግኳቸው። አደይ የጥርስ ብሩሻቸውን እጀታ ወለሉ ላይ ሞርደው ሞርደው ጫፉ ቆልመም ያለ ኪሮሽ አወጡለት። ከዚያ በኋላ ጥርሳቸውን በኒም ቅርፊት ነው የሚፍቁት። «ጥርስ ይጠብቃል» አሉ።

ክሩና መሣሪያው በተገናኘ ማግስት ጠብ ተነሳ። አደይ የዳንቴል ሰው ናቸው፤ ሹራብን እንደ ሥራም አይቆጥሩት።

«ሹራብ የብርድ ነው» አሉኝ። «እዚህ አገር ብርድ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«ዳንቴል ደግሞ ቴሌቪዥን ማልበሻ ነው! ሽንኩርት ቴሌቪዥን ነው እንዴ፣ አደይ?»

«አፍሽ የሚታሰርበት ቀን መቼ ይሆን! ዳንቴል አይለጠጥም። የያዘውን ይዞ ይቀመጣል።»

«ለዚያ እኮ ነው የማይሆነው። ዘንቢል ሲሞላ ሆዱን መንፋት አለበት፤ ልክ እንደ…» አልኩና ሲት ወደምትቆምበት በር አየሁ። አደይ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ።

በመጨረሻ ተካፈልን። መቀመጫዋን እሳቸው በኪሮሽ ጥቅጥቅ ያለ ክብ ዳንቴል አድርገው ሠሩ፤ ከመሃል የሚፈነዳ አበባ። እኔ ከዚያ ጫፍ ላይ ክሩን ለቀም ለቀም እያደረግሁ ሆዷን በሹራብ ቀጠልኩ። ክሩን በእንጨቱ ላይ ደረብ አደርግና ቀጣዮቹን ሁለት ቀለበቶች አንድ ላይ አጣምራለሁ፤ እዚያች ቦታ ላይ ቀዳዳ ይከፈታል። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ስዞር መረብ የመሰለ፣ ለስለስ ያለ ነገር ወጣ። ዘንቢሏ ባዶ ስትሆን ሆዷ ተጠቅልሎ መቀመጫዋ ውስጥ ይገባል፤ ዳር ዳሩን የሚዞረው ገመድ ሲሳብ አንዲት ትንሽ ድፍን ዳቦ ታክላለች።

የቀረው ማንጠልጠያው ነበር።

«እሱን በኪሮሽ ልሥራው» አሉ አደይ። «በሹራብ ከሆነ ይረዝማል።»

«ይርዘም! ረጅም ምን ይጎዳል?» ብዬ በሹራብ ሠራሁት። ያማረ ማንጠልጠያ ነበር። እስከ ዛሬም ያማረ ነበር እላለሁ።

ስንጨርስ መቀመጫዋን ወደ መስኮቱ አዙሬ ሳይ፣ ከአበባው ቅጠሎች አንዷ ፊቷን ወደ ውስጥ አዙራለች።

«አደይ፣ አንዷ ተገልብጣብዎታለች። ልፍታት?»

«እጅሽን ሰብስቢ! ሆን ብዬ ነው። የእናቴ እጅ እንዲህ ነበር፤ የኔም ነው። የጎረቤት ዳንቴል ከኔ ጋር ሲቀላቀል ልጄ በዚህች ነው የምትለየው። ‹እናቴ አንዷን አኩርፋባታለች› እያለች ትስቅ ነ…»

እዚህ ላይ ቆሙ። ዘንቢሏን አዩ። እኔም አየኋት። ከዚያ እርስ በርስ ተያየን። በዘንቢሏ ላይ መቀለዴንም አቆምኩ፤ ለሩብ ሰዓት ያህል።

ሲት ስትረከባት ግንባሯ ለመጀመሪያ ጊዜ ተፈታ። አጠፈቻት፣ ዘረጋቻት፣ እንደገና አጠፈቻት፣ ደረት ኪሷ ውስጥ ከተተቻት። «ማሻአላህ! የት ገባች?» እያለች ራሷን ትጠይቃለች።

ሐሙስ ጠዋት ልትወጣ ስትል በሩን አንኳኳሁ።

«ሲት፣ ዛሬ ባሚያ ግዢ። በዚህ ሙቀት ለሰውነት ያስፈልጋል።»

«ባሚያ አልወድም።»

«ለልጆችሽስ?»

«እነሱም አይወዱም። ማን ሾመሽ ደግሞ የኔ ወጥ ላይ?» ብላ ሄደች።

አደይ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ገዳሪፍ ገበያ ደግሞ ትንሽ ገበያ አይደለም፤ ግመል ገብቶ ቢጠፋ ባለቤቱ ሌላ ግመል ገዝቶ የሚሄድበት ነው። የዚያን ቀን ፉሉ መጣ፣ ቀዘቀዘ፣ ዝንብ በላው። አደይ ኪሮሻቸውን ይዘው ያለ ክር ጣታቸውን ያንቀሳቅሳሉ። እኔ ስለ ፍየሏ ሹራብ አወራሁላቸው። ሹራቡ ኪስ እንዳለው ብነግራቸውም አልሳቁም።

ከቀትር በኋላ የሲት ድምፅ ከግቢው በር ጀምሮ እየጮኸ መጣ።

«የት አለች ያቺ የግመል ልብስ ሰፊ!»

በሩ ተበረገደ። ሲት ዘንቢሏን እንደ ሌባ አንቃ ይዛታለች።

«ሽንኩርት ከተትኩ፣ ድንች ከተትኩ፣ ዱባ ጨመርኩ። ሥጋ ተራ ስደርስ ጉልበቴ ላይ ነበረች። ቅመም ተራ ስደርስ ቁርጭምጭሚቴ ላይ። ከዚያ በኋላ መሬት ለመሬት ጎተትኳት! ማንጠልጠያው ሲረዝም፣ ሲረዝም፣ ወላሂ ፍየል የምጎትት ነው የመሰልኩት! ‹ሲት፣ ፍየሏ ትታለባለች?› እያሉ ገበያው ሁሉ ሳቀብኝ!»

አደይ ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ። ‹ነግሬሽ አልነበር?› የሚል ፊት ነበር፤ ግን ሲት ገና አልጨረሰችም።

«ከባሚያ ሻጮቹ አንዷ ሐበሻ ልጅ እየሳቀች መጣች። ልታሸክመኝ ጎንበስ ስትል ዘንቢሏ ተገለበጠች። ያን ጊዜ ሳቋን ተወችው። ሽንኩርቴን አውጥታ መሬት ላይ አደረገችና መቀመጫዋን በጣቷ ዳሰሰች። ከዚያ እሷም ሽንኩርቱ መሃል ዘጭ አለች። ‹ምነው፣ ሙቀቱ ነው?› አልኳት። ‹አዎ፣ ሲት፣ ሙቀቱ ነው› አለችኝ።»

አደይ ኪሮሻቸውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ።

«የሠራችው ሰው ደህና ናት ወይ ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ምን አገባኝ፤ ደህና ናት፣ ትበላለች፣ ትተኛለች፣ ከአንዲት ለፍላፊ ጋር ትጨቃጨቃለች አልኳት። ስም አልጠራሁም!» ሲት ጣቷን ቀሰረችብን። «ገዢዎቿን እየመለሰች፣ ይህን የማይረባ ገመድ ፈትታ፣ እዚያው በኪሮሽ ሌላ ሠራችልኝ።»

አነሳችውና አሳየችን። አጭር፣ ድርብርብ፣ ግመል ቢንጠለጠልበት የማይበጠስ ማንጠልጠያ።

«ስሄድ ደግሞ ‹ከላላ መልሺልኝ› አለችኝ። ‹እዚሁ ነኝ፤ የትም አልሄድም› አለችኝ። መንገድ ከጀመርኩ በኋላም ተከትላኝ መጥታ ይህንኑ ደገመችልኝ። የትም አልሄድም፣ የትም አልሄድም። እኔ መቼ ሂጂ አልኳት?»

አደይ ተነሱ። ነጠላቸውን አስተካክለው ለበሱ፤ እንግዳ እንደሚቀበል ሰው። ዘንቢሏን በሁለት እጃቸው ተቀበሉና ማንጠልጠያውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት፤ ሳይቸኩሉ፣ ቀለበት በቀለበት። ያለቅሳሉ ብዬ ትከሻቸውን ልይዝ ተዘጋጅቼ ነበር።

«እጇ ጥሩ ነው» አሉ ለሲት፣ ዘንቢሏን በሁለት እጃቸው እየመለሱ። «ግን ክሩን በጣም ታጠብቀዋለች። ፈታ አድርጊ በያት።»

ሲት እሳቸውን አየች፣ እኔን አየች፣ ማንጠልጠያውን አየች። ግንባሯ ተመልሶ ተቋጠረ።

«ስም አላደርስም» አለች። «ይህ ግን ስም አይደለም፤ የእጅ ሥራ ነገር ነው።» በሩን ዘጋችው፤ እንደ ሌላው ቀን ግን አላላተመችውም።

በቀጣዩ ሐሙስ ሲት የማትወደውን ባሚያ ገዝታ መጣች።

እኔን ያለ ምክንያት እንዳሰሩኝ ያለ ምክንያት ፈቱኝ፤ አደይን ከእኔ ቀድመው ነው የለቀቋቸው። አሁን ባሱንዳ መንደር ለእርሻ ሠራተኞች ወጥ እሠራለሁ፤ ስብሰባ ሲኖርም እጄን አወጣለሁ። ልጅቷን በዓይኔ አይቻት አላውቅም። ገዳሪፍ ለአስቤዛ ስገባ በባሚያ ተራ አልፋለሁ፤ ሐበሾቹ ልጆች ብዙ ናቸው፣ ሁሉም ቆንጆ፣ ሁሉም ጯሂ። ማናቸውንም ጠይቄ አላውቅም። ገዢ ሲጠፋ ግን ክር አውጥተው የሚሠሩ አሉ፤ ያን ጊዜ ቆም እልና ፊታቸውን ትቼ እጃቸውን አያለሁ።