ጋሽ ጀንበሬ በሁዳዴ ያሰሙት ድምፅ

ጎረቤቴ ጋሽ ጀንበሬ ካርቲየ 2 በሚባለው ሰፈራችን ውስጥ ጎሚስታ ናቸው፤ የከባድ መኪና ጎማ ይጠግናሉ። እሁድ እሁድ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ከበሮ ይመታሉ። አባታቸው ለባቡሩ ሥራ ነበር ከአገር ቤት እዚህ የመጡት። እናም ስለ ሐዲዱ ዘመን ታሪካዊ ፊልም ሊወጣ ነው፣ የሙዚቃው ደራሲም ከበሮ መቺ ይፈልጋል ሲባል አላስችል አላቸው።

«የአባቴ ነገር ሲወራ እኔ ልቅር?» አሉኝ።

ፈረንሳይኛ ስለምችል ልጄን አዝዬ ላስተረጉም አብሬያቸው ሄድኩ። የሙዚቃው ደራሲ፣ ሙሴው፣ በተከራየው አዳራሽ ከበሮ አስቀምጦ ጠበቀን። ችግሩ ጊዜው ሁዳዴ ነበር። በሁዳዴ ከበሮና ጸናጽል አይነካም፤ ዜማው በመቋሚያ ብቻ ነው። ጋሽ ጀንበሬም ይህን ያወቁት ኋላ አይደለም፤ ሰውየው እስከ ፋሲካ ይቆያል ብለው ነው የመጡት።

«ነገ እሄዳለሁ፤ እዚህ ማን ያያል? አንዴ ብቻ ይምቱልኝ» አለ ሙሴው። ተረጎምኩ።

«አንቺስ ምን ትያለሽ?» አሉኝ።

«እኔ አስተርጓሚ ነኝ፤ ከኃጢአቱ ድርሻ የለኝም።»

ሳቁ። ከዚያ በያዙት መቋሚያ የእንጨቱን ወለል ቀስ ብለው መቱት፤ ደገሙት። ሙሴው ማይክሮፎኑን ወደ መሬት ዝቅ አደረገና ቀዳ። «እናያለን» ብቻ አለ።

ዘንድሮ የፊልሙ ሙዚቃ በአልበም ወጣ። እሳቸው፣ ባለቤታቸው እትዬ በለጡና እኔ ከስልኬ ላይ አዳመጥነው። ኦርኬስትራ ሲባል ጩኸት ነበር የጠበቅሁት። ጉድ እኮ ነው! አንድ ቫዮሊን አንዲት ድምፅ ይዞ ይቆያል፤ ሌሎቹ አንድ በአንድ ገብተው ያንኑ ይደግማሉ።

«ኔትወርኩ ነው የተያዘው?» አሉ እትዬ በለጡ።

«ኧረ ሥራው እንደዚህ ነው!» አልኳቸው።

እየቆየ ግን ገረመኝ። ያው ነገር ሲደጋገም ለካ ጆሮ ትንሿን ለውጥ ማደን ይጀምራል። ልጄ እንኳ መጥባቷን ትታ ታዳምጣለች።

አንዱ ዜማ አለፈ፤ ሌላውም አለፈ። መቋሚያው የለም። የጋሽ ጀንበሬ ፊት ጠቆረ።

«ከበሮ አይደል የፈለገው? ጥሎታል።»

የመጨረሻው ዜማ ላይ ቫዮሊኖቹ ሁሉ ጸጥ አሉ። ዝምታው ረዘመ። ከዚያ ጓ! ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ጓ! ምንም ሳይደባለቅበት፣ ብቻውን።

«ሰው መጣ መሰለኝ» ብለው እትዬ በለጡ በሩን ሊከፍቱ ተነሡ። ጋሽ ጀንበሬ እጃቸውን ያዝ አደረጉ።

«ቁጭ በይ አንቺ! እኔ ነኝ።»