ሃያ መስኮት ያለው ኮንቴነር

ሐጂ ከወሎ መጥተው መቐለ ሰሜን ክፍለ ከተማ ጨርቅ የሚያከፋፍሉ አለቃዬ ናቸው። ሁለት ዓመት ሥራ ፈትቼ ከከረምኩ በኋላ፣ ደንበኛ በስልኩ ጨርቅ የሚያዝበትን ዌብሳይት እንድሠራ እሳቸው ዘንድ ለሙከራ ገባሁ። በሦስተኛው ወር ሁለት አገልግሎት ያስፈልገኛል ብዬ ጻፍኩላቸው፦ አንዱ ዌብሳይቱን በኮንቴነር አሽጎ ደመና ላይ የሚያስተዳድር፣ ሌላው የብራውዘር መስኮት በራሱ እየከፈተ ዌብሳይቱን የሚፈትሽ።

"ሁለቱንማ አንችልም፤ አወዳድረህ አንዱን ምረጥ" አሉኝ።

ኮንቴነር ስል የሶፍትዌር ማሸጊያ፣ ደመና ስል በኢንተርኔት የሚከራይ ሩቅ ኮምፒውተር ማለቴ ነው፤ ኧረ በምን ይወዳደራሉ! ቤትና ዘበኛ ይወዳደራል? ይህንኑ ልነግራቸው እየተንጨረጨርኩ ቢሯቸው በር ላይ ስደርስ በስልክ ሲያወሩ ሰማሁ፦ "የሙከራ ጊዜው ዐርብ ያልቃል። ወላሂ አልቻልኩትም! ቶሎ ይግላል፣ ይጮኻል፣ ወረቀት ይፈጃል። ይሂድልኝ!"

ዋይ ኣነ፣ ወየው ለእኔ! ቶሎ መጋሌንማ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ለእናቴ ምን ብዬ እነግራታለሁ? ንግግሬን ዋጥ አድርጌ ተመለስኩና የማይወዳደሩትን ሦስት ገጽ ሙሉ አወዳደርኩ።

ሐሙስ ጠዋት ሐጂ ፊት ቆሜ አነበብኩ። በጥሞና ሰሙኝ።

"ኮንቴነሩ መስኮት አለው?"

"መስኮት የሚከፍተው ሁለተኛው ነው፣ ሐጂ። በአንድ ጊዜ ሃያ።"

"ሃያ! ወንፊት ነው እንዴ? ጨርቄ አቧራ ሊጠጣ!"

የቀለዱ መስሎኝ ለአክብሮት ያህል ሳቅኩ።

"ይሁን፤ ኮንቴነሩ የት ነው የሚቀመጠው?"

"ደመና ላይ።"

ሐጂ ግቢው ውስጥ ጣቃ የሚያከማቹበትን ሰማያዊ የብረት ኮንቴነር በመስኮት አዩት፤ ቀጥሎ ሰማዩን አዩ።

"ክሬኑ ይደርሳል?"

በቃ፣ ፈነዳሁ። "ሐጂ፣ ብረት አይደለም! የኮምፒውተር ነገር ነው! ሁለቱም አይወዳደሩም፤ ያወዳደርኩት ዐርብ እንዳያባርሩኝ ፈርቼ ነው! እሺ፣ ቶሎ እግላለሁ! እጮኻለሁም! ወረቀቱን ግን የፈጀሁት አወዳድር ስላሉኝ ነው!"

አፋቸውን ከፍተው አዩኝ። ከዚያ ጣታቸውን ወደ ጥግ ቀሰሩ። ነጋዴ ሞክሩት ብሎ የተወው ፎቶኮፒ ማሽን እዚያ ቆሟል፤ ጠዋት ኮፒ ሳደርገው የቀረው የሁለተኛ ገጼ ቅጂ አፉ ውስጥ ተቀርቅሯል።

"ስለ እሱ እኮ ነው ያወራሁት!" ቆባቸው እስኪወድቅ ሳቁ። "አብሽር፣ አይዞህ! አንተንማ በቋሚነት ከቀጠርኩህ ወር አለፈ። ደብዳቤህን ኮፒ ላደርግ ብዬ ብሰጠው ነው ቅርጥፍ አድርጎ የበላብኝ!"

ሁለቱንም አገልግሎት ፈቀዱልኝ። ዐርብ ማሽኑን ተሸክሜ ያወጣሁት እኔው ነኝ፤ ግን መጀመሪያ ሆዱን አስከፈትኩት። የቅጥር ደብዳቤዬ ተጨማዶ፣ ጥቁር ቀለም ጠጥቶ ወጣ። እናቴ በካውያ ተኩሳ ግድግዳ ላይ ሰቅላዋለች።