ሦስተኛዋ ማያ

የመጀመሪያ ቀን ሥራዬን የጀመርኩት ሰሌዳ በማጽዳት ነው። ማጽዳት ለእኔ አዲስ ነገር አይደለም፤ ቤይሩት ከገባሁ ያላጸዳሁት ሰማዩን ብቻ ነው። የጽሑፍ መማሪያ ክፍላችን ናባዓ በሚባል ሰፈር፣ ከዶሮ ጥብስ ቤት በላይ ናት። መስኮቱ ሲከፈት የጥብሱ ጭስ ይገባል፣ ሲዘጋ እኛው እንጠበሳለን። ክፍሏን ያገኘችልን ሪማ የምትባል ሊባኖሳዊት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ናት። ማርከሩን እጄ ላይ አስቀምጣ፣ "ያላ ሙሉ፣ አንቺ ጀምሪ፣ እኔ አማርኛ አልችልም" ብላኝ ወጣች።

የማስተማር ሰርተፊኬት የለኝም። ተመላላሽ ሠራተኛ ነኝ፤ ባዳሮ ውስጥ ቤትና ቢሮ አጸዳለሁ። ለዚህ ሥራ የተመረጥኩት አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስለጨረስኩና ምላሴ ስለማያርፍ ነው።

"እስቲ ስማችሁን ልመዝግብ" አልኩ። ሊንዳ፣ ሱዚ፣ ማያ፣ ሌላ ሊንዳ። ፊት ለፊቴ የተቀመጡት የጎጃምና የወሎ ልጆች ናቸው። ማዳሞቻቸው ያወጡላቸው ስም እንደሆነ ገብቶኛል፤ እኔም አንድ ቤት ሙና ስባል ኖሬያለሁ። የመጣነው ልንጽፍ ነው ብዬ አለፍኩት።

አሠራራችን እንዲህ ነው። ፊደል የምታውቅ በደብተሯ ትጽፋለች። የማታውቅ ስልኳ ላይ ታወራለች፣ ጸሐፊ የምንላት ተማሪ ያንኑ ቃል በቃል ትገለብጣለች። ጸሐፊ ከራሷ ምንም አትጨምርም። ከዚያ ለሁላችንም ይነበባል። አድማጮች "አይዞሽ" ማለት አይችሉም፤ ሲነበብ ምን እንዳዩ ብቻ ነው የሚናገሩት። ከሁሉ ያስቸገረን ይኸኛው ነው። የወሎዋ ዘሃራ፣ ዋናዋ ጸሐፊያችን፣ አንድ ቀን ተቆጣችኝ።

"እትዬ ሙሉ፣ ሰው እያለቀሰ 'እንዲህ አየሁ፣ እንዲያ አየሁ' ማለት ነውር አይደለም ወይ?"

"ነውር ነው" አልኳት። "ግን አይዞሽ ካልሻት ወሬዋ እዚያው ላይ ይቀራል።"

ሌላው ችግር ሰላምታ ነበር። ሁሉም "ከናንተ ናፍቆት በስተቀር እኔ በጣም ደህና ነኝ" ብለው ይጀምሩና፣ አጎትን፣ ጎረቤትን፣ የጎረቤትን ልጆች ሰላም ሲሉ ገጹ ያልቃል። "ኸላስ፣ በቃ፣ አገር ምድሩ ደህና ነው" እላቸዋለሁ። "አሁን ዛሬ ጠዋት ምን እንደሠራችሁ ንገሩኝ።"

ማያ ብዬ የመዘገብኳት ልጅ ፋናር ከሚባል ሰፈር ነው የምትመጣው። ረጅም ናት፣ ዝምተኛ። የማዳሟን አሮጊት እናት፣ ሁሉም ተታ፣ አያቴ፣ የሚሏቸውን፣ ትጦራለች። የእሁድ ከሰዓት እረፍቷን ያገኘችው በስንት ልመና ነው። አንድ እሁድ፣ "ስለምትሠሩበት ቤት ጻፉ" አልኳቸው። እሷ ያለ ምንም ሰላምታ ጀመረች።

"በዚህ ቤት ሦስት ማያዎች ነበርን። የመጀመሪያዋ የስሪላንካ ልጅ ናት፣ ሁለተኛዋ የባንግላዴሽ፣ ሦስተኛዋ እኔ ነኝ። የመጀመሪያዋ ማያ ሽንኩርት በጣም አድቅቃ ነበር የምትከትፈው ይባላል። እኔ ወፈር አድርጌ ስከትፍ፣ 'ማያ፣ ድሮ እንዲህ አልነበርሽም' ተባልኩ።"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሷ ግን ማንበቧን አላቆመችም። "እናቴ ያወጣችልኝ ስም አሰለፈች ነው። በዚህ ቤት ማንም በዚህ ስም ጠርቶኝ አያውቅም። አንዳንዴ ሳህን ሳጥብ ቀስ ብዬ ራሴን እጠራለሁ።"

አስተማሪ ነኝ ብዬ አልተደበቅሁም፤ እዚያው አለቀስኩ። ዘሃራ ጎንበስ ብላ አየችኝና፣ "እትዬ፣ ምን አየሽ?" አለችኝ።

ከዚያ ሪማ ባዳሮ ካለ አንድ ካፌ ጋር ተነጋግራ የንባብ ዝግጅት አሰናዳችልን። አሰለፈች በዚያ ቀን እስኪመሽ መቆየት ስለነበረባት ማዳሟን ፈቃድ ጠየቀች። ማዳሟ፣ "ስለ ቤቴ ሰው ፊት ምን ልታነቢ ነው? መጀመሪያ ካልሰማሁት አትሄጂም" አለቻት። ሴትየዋ ከተቆጣች ንባቡ ብቻ ሳይሆን እሁዷም ይቀራል። እሁዷ ከቀረ ደግሞ ከዚያ ቤት መውጫ የላትም።

"ሌላ ነገር አንብቢ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም" አልኳት።

"እትዬ፣ ይህን ክፍል የከፈትሽው አፍ ለማዘጋት ነው እንዴ?"

በመጨረሻ ተስማማን፦ እኔ አስተርጓሚ ሆኜ እሄዳለሁ፣ በሽንኩርቱ ማዳሟን አስቃታለሁ፣ የስሙን ነገር እዘለዋለሁ።

ሰርቪስ ታክሲ ይዤ ፋናር ወጣሁ። ማዳሟ ፋርማሲ ያላት፣ ደርባባ ሴት ናት። "ቦንጁር" ብላ ሶፋ ላይ አስቀመጠችኝና ጁስ ሰጠችኝ። አሰለፈች ቆማለች። ጽሑፏን ወደ ዐረብኛ ስተረጉም ሴትየዋ ሽንኩርቱ ላይ ከልቧ ሳቀች። "እውነቷን ነው፣ የመጀመሪያዋ ማያ እጇ ልዩ ነበር" አለች። እኔም ቶሎ ብዬ፣ "ኸላስ፣ ይኸው ነው" አልኩ። "መርሲ፣ ቆንጆ ነው" አለችና ልትነሳ ስትል አሰለፈች በዐረብኛ፣ "ማዳም፣ አላለቀም" አለች።

ቀኑን ሙሉ ከተታ ጋር ስለምታወራ ዐረብኛዋ ከእኔ ይበልጣል። ቀሪውን ራሷ ተናገረች፣ ሳህኑንም ስሙንም።

ማዳሟ ወደ እኔ ዞረች። "ምን አጎደልኩባት? ስልክ ሰጥቻለሁ፣ እሁድ ሰጥቻለሁ።"

"ምንም አላጎደልሽብኝም" አለቻት አሰለፈች። "ስሜ ግን አሰለፈች ነው።"

ሴትየዋ ብርጭቆዋን አሽከረከረች። ከዚያ፣ "ያኒ፣ የዚያን እሁድ እኔ ምሳ ተጠርቻለሁ። እናቴን ማን ይይዛታል?" አለች። አለቀልን አልኩ በልቤ።

"ይዣቸው እሄዳለሁ" አለች አሰለፈች።

ማዳሟ፣ "ያላ" ብላ ወደ ጓዳ ገባች። ሂዱ ማለቷ ይሁን ውጡልኝ ማለቷ አልገባኝም።

በንባቡ ቀን ካፌው ሞላ፣ አሰለፈች ግን የለችም። ሪማ ሰዓቷን ታያለች። ተራዋን ወደ መጨረሻ ገፋሁት። ዘሃራ ሦስተኛ ገጿ ላይ ስትደርስ በሩ ተከፈተና ተሽከርካሪ ወንበር ደፉ ላይ ተሰነቀረ። ሁለት አስተናጋጆች አንስተው አስገቡት። ተታ ሊፒስቲክ ተቀብተው፣ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ፊት ለፊት ተቀመጡ። አማርኛ አንድ ቃል አያውቁም፤ አንባቢዋ ትንፋሽ በወሰደች ቁጥር ግን ያጨበጭባሉ። ዘሃራ ገና ሳትጨርስ የጨረሰች እስኪመስላት ድረስ ተጨበጨበላት።

አንባቢ የምጠራው እኔ ነበርኩ። "አሰለፈች" አልኩ።

ስትነሳ ተታ ቀሚሷን ያዟት። "ማያ፣ ቁጭ በይ። የጠሩት ሌላ ሰው ነው" አሏት፣ ጆሯቸው ስለሚከብድ ካፌው ሁሉ እስኪሰማ።

አሰለፈች ጎንበስ አለች። "ማያ አገሯ ገብታለች፣ ተታ። አሰለፈች እኔ ነኝ።"

ተታ ቀና ብለው ፊቷን አዩ። ከዚያ ቀሚሷን ለቀው እጃቸውን ለሰላምታ ዘረጉላት። "አህላን፣ እንኳን ደህና መጣሽ" አሏት፣ ዛሬ ከአውሮፕላን ለወረደች ልጅ እንደሚባለው። አሰለፈች ጨበጠቻቸውና ሄዳ አነበበች።

ማዳሟ እስከ ዛሬ ማያ ነው የምትላት። እሁዷን ግን አልነካችባትም። ተታ "አሰለፌሽ" ይሏታል፤ "ች" አልሆንላቸው ብሎ ነው፣ እሷም አላረመቻቸውም።

እኔ በበኩሌ አሠራሬን ቀይሬያለሁ። አዲስ ተማሪ ስትመጣ ደብተር ከመስጠቴ በፊት፣ "እናትሽ ማን ብላ ትጠራሻለች?" እላታለሁ። ማርከሩን ከእኔ ለምትረከብም የምነግራት ሁለት ነገር ነው፦ መጀመሪያ ስሟን ጠይቂ፤ ጽሑፏን ስታነቢላት ደግሞ መጨረሻውን አትዝለይ።