በአጥር ላይ የወረወርኩት ድንክ ሙዝ

በሰማንያዎቹ መጨረሻ ነው። አንድ ጠዋት ጓሮዬ ውስጥ ከበቀሉት የሙዝ ቡቃያዎች አንዱን ነቅዬ በአጥር ላይ ወደ ጎረቤቴ ግቢ ወረወርኩት። ድንክ ነበር፤ ቅጠሉ እንደ ጥቅል ጎመን የተደራረበ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ እዚያው አርባ ምንጭ፣ በማስተምርበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ስለ ሚውቴሽን፣ ማለትም በድንገት ስለሚመጣ የዘር ለውጥ፣ ተማሪ ሳደነቁር ዋልኩ። የባዮሎጂ መምህር ማለት እንግዲህ እኔ ነኝ።

ሙዝ ተካይ ያውቃል፤ ከእናቲቱ ሥር ብዙ ልጆች ይበቅላሉ፤ አንዷን ለወራሽነት ታስቀርና ሌሎቹን ትነቅላለህ። እኔ የማስቀረው ሁልጊዜ ረጅሟን ነው። ራሴ አጭር ስለሆንኩ ይሆናል፣ ቁመት እወድ ነበር።

ጎረቤቴ የዚያው ትምህርት ቤት የጂኦግራፊ መምህር ነው። ድንኩን የተከለው አዝኖለት እንዳይመስላችሁ፤ ዶሮ የሚሾልክበትን የአጥር ቀዳዳ ሊደፍንበት ነው። ጸደቀለት፣ ወለደለት፣ ውሎ አድሮም ግቢውን ሞላው።

ከዚያ አንድ የበልግ ቀን ከጫሞ ሐይቅ በኩል ነፋስ ተነሣ። የእኔ ረጃጅሞች ፍሬያቸውን እንደተሸከሙ ወገባቸው እየተቀነጠሰ ተጋደሙ። ከአንድ የሲቀላ ገበያ ነጋዴ ጋር ሊጭናቸው ተስማምተን ነበር። በአጥር አሻግሬ ሳይ የሱ ድንኮች ቅጠላቸው ከመተልተሉ በቀር ቀጥ ብለው ቆመዋል። ቅናት ምን እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ። በመምህራን ማረፊያ «የሱ ሙዝ ጣዕም የለውም» እያልኩ አወራሁ፤ ያመጣልንን እየበላሁ።

ይበልጥ ያቃጠለኝ ሰውየው ምንም አለማድረጉ ነው። የምንበላው ሙዝ ዘር የለውም፤ ልጅ የእናቷ ግልባጭ ናት። አልፎ አልፎ ግን ሴል ሲከፈል የዘር መመሪያው ተሳስቶ ይገለበጣል። ስህተቱ ብዙ ጊዜ ይጎዳል፣ ወይም ምንም አያመጣም፤ አንዳንዴ ግን ይጠቅማል፣ ያውም እንደ ቦታው። ነፋስ በሌለበት አገር ያ ድንክ በረጃጅሞቹ ጥላ ሥር መንምኖ በቀረ ነበር። ዕድሉ መጀመሪያ የመጣው እኔ ጓሮ፤ መራጩም እኔ!

ሚስቴ «ቅናትህን አትተክለው ነገር፣ ሂድና ጠይቀው» አለችኝ። ሄድኩ።

«ወንድሜ፣ ከዚያ ከድንኩ ልጆች…»

«ከየትኛው? በአጥር ከወረወርክብኝ?»

«አይተኸኝ ነበር እንዴ?»

«ጭንቅላቴን ለጥቂት ሳትከው እኮ!» ሳቀ። «ውሰድ፣ የፈለግከውን ያህል ውሰድ። ለቡቃያ ዋጋ አይጠየቅም። ግን ለምን እንዳጠረ አንድ ቀን ቁጭ ብለህ ታስረዳኛለህ። እኔማ እጄ ለሙዝ የተባረከ መስሎኛል።»

«እሺ» አልኩ፤ ወሰድኩ፤ ሁሉም ጸደቁ። እስከ ዛሬ ግን አላስረዳሁትም። እጁ እንዳልተባረከ፣ ነገሩ ዕድል ብቻ እንደሆነ ብነግረው አንጀቴ ቅቤ ይጠጣ ነበር። ግን «ታዲያ ያንን ዕድል አይቶ ቆሻሻ ያለው ማነው?» ማለቱ አይቀርም። ጂኦግራፊም ቢሆን መምህር ነው፤ መጠየቅ ያውቅበታል። መንገድ ላይ ባገኘኝ ቁጥር «ትምህርቱስ?» ይለኛል።

«ጠመኔ ጨርሻለሁ» እለዋለሁ።