ሴላኒ ከውሃ ያወጣቻት ጀልባ

መስከረም በባሕር ጠረፍ ከተማችን በኦካይ የሚፈራ ወር ነው፤ የዚያ ዓመቱ ደግሞ ባሰ። ሙቀቱ እንደ እርጥብ ጨርቅ ፊት ላይ ይለጠፍ ነበር። ባሕሩ ድምፁን አጥፍቶ፣ ዘይት መስሎ ተኝቷል። ሰው ያለ ነገሩ ይጣላል፤ ሕፃን ጡት አፉ ውስጥ እያለ ያለቅሳል፤ ውሻ ጥላ ውስጥ ገብቶም ያለከልካል። ያን መስከረም ያየ ሰው እስከ ዛሬ ድረስ ነፋስ ቆም ሲል ደስ አይለውም።

ከዚያ አንድ ማለዳ መቀስ ጭራ የምንላት ጥቁር የባሕር ወፍ ከገበያው በላይ ስታንዣብብ ታየች። እሷ ባሕሩን ትታ ከተማ ከገባች አውሎ ነፋስ ከኋላዋ አለ ማለት ነው። የመድኃኒት ቤቱ ሬዲዮም ኋላ ያንኑ ተናገረ፤ ወፏ ግን ቀድማዋለች።

እኛ ቤታችንን ለማዳን እንቸነክራለን፤ ጀልባችንን ለማዳን ግን እናሰጥማለን። ወንዙ ከባሕር ከሚገናኝበት ጀርባ፣ ሥራቸውን ውሃ ውስጥ በሚሰዱት የማንግሮቭ ዛፎች መሀል ያለው ውሃ ጸጥ ያለ ነው። ጀልባዋን እዚያ ወስደው ድንጋይ ይሞሏትና ያስተኟታል። ውሃ ሥር የተኛን ነገር ነፋስ አይሰብረውም። ሕጉ ግን አንድ ነው፤ የሰጠመች ጀልባ ነፋሱ ሳያልፍ አትነሳም። ከባሕር አፍ የነጠቀን ሰው፣ ባሕሩ በምትኩ ሌላ ይጠይቀዋል ይባላል።

ሴላኒን በዚህ ነገር ማንም አይቀድማትም ነበር። ባሏ ቪልፎር የሞተው ጀልባዋን ለማስጠም ዘግይቶ ነው። ትንሽ ዓሣ ልጨምር ብሎ ወጣ፤ ጀልባዋን ማዕበሉ ወደ ዳር መለሳት፣ እሱን ግን አልመለሰውም። ከዚያ ወዲህ በጀልባዋ ዓሣ የሚያጠምደው አበልጇ ኦዲሎን ሆነ፤ የልጇ የኢቭሮዝ ክርስትና አባት። ኦዲሎን አጭር፣ ጥርሰ ፍንጭት፣ አፉ የማያርፍ ሰው ነው። ሴላኒ ወፏን እንዳየች ሄዳ በሩን ደበደበችበት። ነፋሱ ገና ባሕር ማዶ ቁርሱን እየበላ ነው፣ እኔ ግን አልበላሁም እያለ እያጉረመረመ ተከተላት። ያም ሆኖ ድንጋዩን ተሸከመ። የዚያን ቀን መጀመሪያ የሰጠመችው የሴላኒ ጀልባ ናት። ሴላኒም እጇን በቀሚሷ ጠራርጋ እፎይ አለች።

ኢቭሮዝ ያን ሰሞን ከወንዙ አፍ ማዶ ባለችው ጨው ደሴት ነበረች፤ ከሴቶቹ ጋር ዓሣ በጨው እያሸች ታደርቃለች። በእንዲህ ያለ ቀን ሜሪሊስ የሚባለው ባለ ትልቅ ጀልባ ሄዶ ሰዉንም ዓሣውንም ጠራርጎ ያመጣል። ሴላኒ ልጄንም ያመጣታል ብላ አልተጨነቀችም። ሜሪሊስ ግን የሴላኒ ጀልባ ቀድማ መስጠሟን አላወቀምና ሌላ አሰበ። ልጅቷ ክርስትና አባት አላት፤ ያውም ባሕር የሚያውቅ። እሱ በሕይወት ቆሞ ሌላ ሰው ልጁን ቢያመጣት፣ ኦዲሎንን ከሰው አልቆጠርኩህም እንደ ማለት ነው። በዚህ ነገር ስንት ሰው ተኳርፎ ሳይታረቅ ሞቷል። ኢቭሮዝም ራሷ፣ ክርስትና አባቴ ሳይመጣልኝ አይቀርም፣ እግራቸውን ከሚያማቸው ከእማማ ቲሊስ ጋር እጠብቀዋለሁ አለችው። ጀልባው ሞልቶ ነበርና ሜሪሊስ እሺ ብሎ ተመለሰ። ሴላኒ ልጇን ፍለጋ ስትመጣ ዓሣውን አራግፎ፣ ጀልባው ላይ የመጨረሻውን ድንጋይ እየጣለ ነበር።

"ኦዲሎን አላመጣትም እንዴ?" አላት።

በኦካይ ዳርቻ ውሃ ላይ የቀረች አንዲት የዓሣ አጥማጅ ጀልባ አልነበረችም።

ሴላኒ አልጮኸችም። እንደለበሰች ውሃው ውስጥ ገባች፤ ጎንበስ ብላ ድንጋይ አወጣች፣ ወረወረች፣ ደግማ ጎነበሰች። ውሃው ደረቷ ድረስ ነው፤ በጎነበሰች ቁጥር ሁለመናዋ ይጠፋና የሻሿ ጫፍ ብቻ ይንሳፈፋል። ወንዶቹ ዳር ቆመው ያዩዋታል። ክፋት ይዟቸው አይደለም፤ ፈርተው ነው።

"ሴላኒ፣ ለባሕር የሰጡትን መልሰው አይወስዱም። ታውቂያለሽ" አላት ሜሪሊስ።

"ባሌን ሰጥቼዋለሁ" አለች፣ ጭቃ ውሃ ከአፏ እየተፋች። "እሱን ያስብልኝ።"

ያኔ ኦዲሎን ከሰዉ መሀል ወጣ። ሸሚዙን አወለቀና ለሚስቱ ለዲውላ ሰጣት። ጠዋት እኔ ድንጋይ ተሸክሜ ሳስገባ ዝም ብላችሁ፣ አሁን ሴት ስታወጣ ነው ምክር የመጣላችሁ? አላቸውና ገባ። ሁለቱ ብቻ ሆነው አወጧት። ውሃዋንም በቅል ጨለፉት። ኦዲሎን የሳንቃዎቹን መጋጠሚያ በመዳፉ ዳበሰና ፊቱን አኮሳተረ። ሴላኒ ዘልላ ስትገባ ክንዷን ያዛት።

"አበልጄ፣ ድንጋዩ ወገቧን አላልቶታል። ከሦስት ሰው በላይ አትችልም። እኔ፣ ልጅቷና እማማ ቲሊስ ሦስት ነን። አንቺ የምትቀመጪበት የልጅሽ ቦታ ነው።"

ሴላኒ ወረደች። ሸራው ከወንዙ አፍ ወጥቶ እያነሰ ሲሄድ ዲውላ አጠገቧ መጥታ ቆመች።

"አበልጅ፣ ሸሚዙ እኔ ጋ ነው" አለቻት። "ባለቤቱን አንቺ መልሺልኝ።"

እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ ሰማዩ የበለዘ ገላ መሰለ። ነፋሱ መጀመሪያ እየቆየ እየቆየ መጣ፤ ከዚያ መቆየቱን ተወ። የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ሰዉን ወደ ኮረብታው ጠራ። ሰዉ ፍየሉን እየጎተተ፣ የታመመውን በበር ሳንቃ ላይ ተሸክሞ ወጣ። ሁለቱ ሴቶች በዳርቻው የጉምሩክ ግንብ ጥግ አንድ ጆንያ ተከናንበው ቀሩ። ሜሪሊስ ተመልሶ መጥቶ ለመናቸው፤ እንዳልሰሙ ሆኑበት። የጣራ ቆርቆሮ እንደ ወረቀት እየበረረ በራሳቸው ላይ ያልፋል። ዝናቡ ከላይ መውረዱን ትቶ ከጎን ይገርፋል።

ሴላኒ ያልተሳለችው ስለት የለም። ድንግል ማርያምን ለመነች። ባሕሩን ለመነችው፤ ከዚያ ሰደበችው፤ ከዚያ ደንግጣ ይቅርታ ጠየቀችው። አንጀቷን የሚበላት አንድ ነገር ነበር፤ ባሏን መዘግየቱ ወሰደው፣ ልጇን ደግሞ የእሷ መቸኮል ሊወስዳት ነው። ዲውላ ሸሚዙ እንዳይርስ ጡቷ ሥር ሸጉጣዋለች።

ማዕበሉ ግንቡን መዝለል ሲጀምር ጀልባዋ ታየች። ሸራዋ ተቀዶ፣ አንዴ ብቅ አንዴ ጥፍት እያለች ወደ ወንዙ አፍ ተወረወረች። ሴላኒ ውሃው ውስጥ ሮጠች። መቅዘፊያውን የያዘችው ኢቭሮዝ ናት። እማማ ቲሊስ ከፊቷ ተኝተዋል። ከሥራቸው ደግሞ ማንም ያላሰባቸው ሁለት ሕፃናት፤ የአሮጊቷ የልጅ ልጆች፣ ትኩሳት ይዟቸው ጎጆው ውስጥ ተኝተው የነበሩ።

ዲውላ ጀልባዋን አየች። ከጀልባዋ ኋላ ያለውን ባሕር አየች።

ኢቭሮዝ ጥርሷ እየተንቀጫቀጨ ነገረቻቸው። ክርስትና አባቷ እነሱን ጭኖ ራሱም ተሳፈረ፤ ጀልባዋ ክብደት በዝቶባት በአፍንጫዋ በኩል መስመጥ ጀመረች። ወረደና እሷን መቅዘፊያው ላይ አስቀመጣት፤ ያስተማርኩሽ ለዛሬ ነው አላት። ስታለቅስበት ሳቀባት። "ለእናትሽ ንገሪያት፣ ድንጋዩን ሁሉ አላወጣችም። አንድ ቀርቶ ነበር፤ እሱን እኔ አወጣሁላት።" ይህን ብሎ ጀልባዋን በትከሻው ገፋ።

ዲውላ ሸሚዙን አውጥታ፣ ከነፋሱ ጋር እየታገለች አጣጠፈችው። ከዚያ አንዱን ሕፃን አዝላ ኮረብታውን ወጣች። ሴላኒም ሌላውን ሕፃን አዝላ፣ ከልጇ ጋር እማማ ቲሊስን ደግፋ ከኋላዋ ተከተለች፤ ቀድማት መሄድ አልሆነላትም።

አውሎ ነፋሱ አመሻሹ ላይ ኦካይን አገኛት። የሆነው ሆነ። ውሃው ሲሸሽ ጨው ደሴት ከወገቧ ተቆርጣ ሁለት ሆና ነበር። የኦዲሎን ሬሳም ባርኔጣም አልተገኘም። ሴላኒ ጀልባዋን አስጠግና፣ ከነመቅዘፊያዋ ዲውላ ደጅ አመጣችላት። ዲውላ በሩን አልከፈተችም።

"ጀልባ አላልኩሽም" አለች ከውስጥ። ከዚያ ወዲህ እስክትሞት አላነጋገረቻትም።

በዓመቱ ሴላኒ ወደ ደሴቷ ተሻገረች። ለሥራ ነው አለች፤ ዓሣ ለማድረቅ። ሌሎቹ ሴቶች ግን ሥራ ሲያበቃ ዳር ዳሩን ስትሄድ፣ የኦዲሎንን አጥንት እንደምትፈልግ ሁሉ አሸዋውን በእግሯ ስትገልጥ ያዩዋት ነበር። ኢቭሮዝ አግብታ ዋና ከተማው ፖርቶፕሬንስ ገባች። እናቷን ለመውሰድ ደጋግማ መጣች፤ ባዶዋን ተመለሰች። መስከረም ገብቶ መቀስ ጭራ ስትታይ የሜሪሊስ ልጅ ጀልባ ይዞ ይሄዳል። ሴላኒ ሌሎቹን እየደገፈች ታሳፍርና፣ የኔን ቦታ ለሌላ ሰው ስጡ ብላ ትቀራለች።

ለመጨረሻ ጊዜ የታየችው ባለፈው የዓሣ ወቅት ነው። ጨው ደሴት ምሥራቁ ጫፍ ላይ፣ የእማማ ቲሊስ ጎጆ በነበረበት ቦታ በሠራችው ጎጆ ብቻዋን ትኖር ነበር።